ውኃው ሲሸሽ

ሰላም ለእናንተ ይሁን አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጉዞው ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ለመናገር አንደበቴ አልታዘዘልኝም ነበር።

የምኖረው በሰሜን ኔዘርላንድስ፣ በግሮኒንገን ከተማ ነው። በሐምሌ ወር 11 ወጣቶችን ይዘን ላውወርስኦግ ከሚባለው ወደብ በሸራ መርከብ ተነሣን። ገሚሶቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ ገሚሶቹ ከሶርያ፣ ከኤርትራና ከእኛ አገር የመጡ። እኔ የሄድኩት በአስተርጓሚነት ነበር።

ከመካከላቸው አንድ የወሎ ልጅ አለ፤ 17 ዓመቱ ነው። ወደ መርከቧ ከመውጣቱ በፊት እጄን ያዘና "ጋሼ፣ ይህ ባሕር ከዚያኛው ጋር ይገናኛል?" አለኝ። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከሊቢያ በጎማ ጀልባ የተሻገረ ልጅ ነው። ልዋሸው አልቻልኩም፤ "ይገናኛል" አልኩት። ወጣና ከምሰሶው ሥር ተቀመጠ። ሌሎቹ ገመድ እየጎተቱ ሸራውን ሲሰቅሉ እርሱ ምሰሶውን አቅፎ ቀረ።

ዋደን የሚባለው ይህ ባሕር ጠባዩ ልዩ ነው። ውኃው በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሲጎድል ደግሞ ወለሉ እስከ አድማስ ድረስ ተገልጦ ይታያል። ለዚህም ነው የአካባቢው የጥንት መርከቦች ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነው። ካፒቴናችን፣ ዕድሜዋን በዚህ ውኃ ላይ የፈጀች ሴት፣ ሰዓቷን አይታ መልሕቅ አስጣለችና "አሁን መጠበቅ ብቻ ነው" አለች። እኔ ጣና ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። ከአያቴ ጋር በደንገል ታንኳ ወደ ክብራን ገብርኤል ስንሻገር ውኃው ሁልጊዜ በቦታው ነበር። ባሕር ጥሎን ሲሄድ ያየሁት ያን ማታ ነው። መጀመሪያ መርከቧ መወዛወዟን ተወች። ከዚያ ከሥር ለስላሳ ግጭት ተሰማን፤ ከዚያም ዝምታ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ እንኳ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ እርጥቡ ጭቃ ያብረቀርቅ ነበር። የባሕር ትሎች በየስፍራው የተጠቀለለ ክር የመሰለ የአሸዋ ክምር ሠርተዋል፤ ወፎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ወርደው ይለቅማሉ።

መሰላል ወረደ። ልጆቹ በባዶ እግራቸው እየጮኹ ወረዱ። የወሎው ልጅ የመጨረሻውን መርገጫ ሳይለቅ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ አንድ እግሩን አሳረፈ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያዘው፤ ቆመለት። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰውና "ታች መሬት አለ" አለ። ይህን ለእኔ አልነገረኝም፤ ለማንም አልነገረም።

በማግሥቱ ስኺርሞኒኮግ ደሴት ደረስን። ስሙ "የግራጫ መነኮሳት ደሴት" ማለት ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ይዞታው የመነኮሳት ነበረና። የእኛን የጣና ደሴቶች አስታወሰኝ፤ ለልጁም ነገርኩት፤ ፈገግ አለ። ጎብኚ መኪና ይዞ አይገባባትም፤ በብስክሌት ዞርናት።

በፕሮግራማችን ፍሬደንሆፍ የተባለ የመቃብር ስፍራ ነበር። በአሸዋ ኮረብቶች መካከል፣ ባሕሩ አውጥቶ የጣላቸው ሰዎች የተቀበሩበት ነው። ሳከ ቫን ደር ቨርፍ የተባለ የደሴቲቱ ባለ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ያስጀመረው ሲሆን፣ በሁለተኛው ጦርነትም የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የፈረንሳይ ወታደር ሳይባል ጎን ለጎን ዐርፏል። ብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ስም የለም።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን መናገር አለብኝ። ልጆቹን ወደዚያ ስንወስድ መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ አልጠየቅናቸውም። ታሪክ እናሳያቸዋለን ብለን ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ልቤ ወደቀ። "ከፈለግህ እዚህ አብረን እንቀመጣለን" አልኩት የወሎውን ልጅ። ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማውን አውልቆ ገባ። በየድንጋዩ እየቆመ "ይህ ምን ይላል?" ይለኛል። "ያልታወቀ" እለዋለሁ። "ይህስ?" "ያልታወቀ።" በመጨረሻ "እና ማን ቀበራቸው? ዘመድ ነው?" አለ። "አይደለም፤ የሆቴል ባለቤት ነው" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና "አጥቧቸዋል?" አለኝ። ይህን የሚመልስ ጽሑፍ በስፍራው አልነበረም። የአገሬ ሰው የሬሳን ክብር እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ከ17 ዓመት ልጅ አፍ ሲወጣ መስማት ሌላ ነው።

በመመለሻችን ዕለት ነፋሱ ከምዕራብ ነበር፤ ጉዞውም አጭር። ካፒቴኗ በመርከቧ መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ቋንቋ አንድ መስመር እንዲጽፍ ታደርጋለች። አንዱ ስለ ባሕር ውሻ፣ ማለትም ሲል (seal) ስለሚባለው የባሕር እንስሳ ጻፈ፤ ሌላዋ ስለ ምግቡ ጻፈች። የወሎው ልጅ እስክሪብቶውን ይዞ ቆየና ቀስ ብሎ ጻፈ። ካፒቴኗ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረች፤ "ምን ይላል?"

ሦስት ስሞች ነበሩ። የማንኛቸውም ስም ከመርከባችን ሰዎች ስም ዝርዝር ውስጥ የለም።

"ስሞች ናቸው" አልኳት። ልጁን አየችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላ ከስሞቹ ሥር ቀኑን፣ የነፋሱን አቅጣጫና መርከቧ የነበረችበትን ስፍራ ጻፈች።