ረፋድ ላይ የመጣ ሌሊት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ስላነሳሁት የእንሽላሊት ፎቶግራፍና ታናሽ እህቴ ስለ ፎቶግራፉ ስለጠየቀችኝ ጥያቄ ነው።

ጊዜው ረፋድ 4 ሰዓት ነበር። እንሽላሊቱ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር፣ የዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል፤ ወንዱ ግዛቱን የሚያስከብረው በዚህ ነው። ትንሽ ከቀረቡት ወደ ግንዱ ጀርባ ስለሚዞር፣ ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንሴን ይዤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቄ ተንበረከክሁ። በዚህ ርቀት አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ 5.6 ላይ ከሆነ ጠርቶ የሚወጣው ክፍል ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ ዓይኑ ሲጠራ የአፍንጫው ጫፍ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሚጠራው ክፍል እንዲሰፋ አፐርቸሩን እስከ 16 አጠበብሁት (ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠብባል)፤ የሚጎድለውን ብርሃን ፍላሹ ይሞላልኛል ብዬም አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 100 ላይ፣ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን ሹተር ደግሞ 1/200 ሰከንድ ላይ ተውሁት። በር ላይ የተቀመጡት አዛውንት ዘበኛ ብልጭታውን አይተው «ልጄ፣ በጠራራ ፀሐይ ባትሪ ታበራለህ እንዴ?» አሉኝ። ስቄ ዝም አልሁ።

ማታ ፎቶውን ለእህቴ ሳሳያት «አቦ፣ ሌሊት ወጥተህ ነው ያነሳኸው?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የእንሽላሊቱ ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከኋላው የነበረው የግቢ አጥር ግን ድፍን ጨለማ ሆኗል። የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ እንሽላሊቱ 1.5 ሜትር፣ አጥሩ 6 ሜትር ላይ ስለነበሩ አጥሩ ያገኘው እንሽላሊቱ ላይ ካረፈው ብርሃን 1/16ኛውን ብቻ ነው። በጥላው ውስጥ የነበረውን የቀን ብርሃን ደግሞ በጠበበው አፐርቸርና በዝቅተኛው አይኤስኦ ያስቀረሁት እኔው ነኝ።

ጥቁር ዳራ የሚወዱ ፎቶ አንሺዎች ብዙ ናቸው፤ የሌሊት ነፍሳትን ሲያነሱ እኔም አልቃወማቸውም። እንሽላሊት ግን ሙቀቱን ከፀሐይ የሚያገኝ የቀን ፍጥረት ነው፤ እሱን ጨለማ መሐል አስቀምጦ ማሳየት፣ ያውም ከድሬ ፀሐይ ነጥሎ፣ ስለ አኗኗሩ ሐሰት መናገር ሆኖ ተሰማኝ።

ፍላሹን አልጣልሁትም፤ በጥላ ውስጥ ያለ እንሽላሊት ዓይኑ ላይ ጥቂት ብርሃን ካላረፈበት የሞተ ይመስላል። የለወጥሁት ቅደም ተከተሉን ነው። በሌላ ቀን ወደዚያው ግንድ ተመልሼ፣ ፍላሹን አጥፍቼ፣ አጥሩ በደንብ እስኪታይ ድረስ አይኤስኦውን 1600፣ አፐርቸሩን 11 ላይ አደረግሁ፤ ሹተሩ እዚያው 1/200 ላይ ቆየ። ፍላሹን ያበራሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ኃይሉንም ሁለት ስቶፕ፣ ማለትም ወደ ሩብ፣ ቀነስሁት። ብልጭታውን ለማለስለስ ከነጭ ጀሪካን የቆረጥሁትን ቁራጭ ፊቱ ላይ አሰርሁበት። (መጀመሪያ የቆረጥሁት ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ስለነበር እንሽላሊቱ የወባ በሽተኛ መስሎ ወጥቶ ነበር።)

በሁለተኛው ፎቶ ዓይኑ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች፤ ከኋላው ደግሞ አጥሩ ላይ የተንዠረገገው ቦገንቪላ ቢደበዝዝም ቀለሙ ይለያል። እህቴ ስልኬን ተቀብላኝ ጥቂት ካየች በኋላ ስለ እንሽላሊቱ ምንም ሳትል «ይሄ የማን ግቢ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።