ጦሳን የለመደ እጅ ዋሻ ሲገባ

የተከበራችሁ የድንጋይ ወጪዎች ማኅበራችን አባላት፣ ልጆቻችሁን አምናችሁ ገመድ ላይ እንድናንጠለጥል የፈቀዳችሁ ወላጆች፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጉሙ መንገድ ላይ እንዳዘገያችሁ ሰምቻለሁ። ደሴ እንግዳዋን የምትቀበለው በጉም ነው፤ አትቀየሟት። አባቶቻችን መርቀውናል፣ ዱዓውም ተደርጓል፣ አቦሉም ተጠጥቷል። ስለዚህ ትንሽ ባስረዝም የሚያኮርፈኝ ያለ አይመስለኝም።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን ታቀርባለች። ስንት ገመድ እንደገዛን፣ ስንት አዲስ ልጅ እንደተመዘገበ፣ ስንት ሰው መዋጮ እንዳልከፈለ ከእሷ ትሰማላችሁ። (አብሽሩ፣ ስም አትጠራም።) እኔ የተሰጠኝን ሰዓት በአንድ ጉዳይ ላይ ልጨርሰው።

ጉዳዩ ዋሻ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት አባላችን ለኮሚቴው በስልኩ ቪዲዮ አሳየን። ውጭ አገር የተቀረጸ ነው። አንዲት ልጅ ከትልቅ ዋሻ ጣራ የተንጠለጠለ ድንጋይ በሁለት እግሯ አቅፋ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቃ ታርፋለች። እጇን ታራግፋለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ልጁም "አገራችን ዋሻ ሞልቷል፤ እኛስ ለምን አንሞክርም?" አለ። ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ተከራከርን፣ ሻዩም ቀዘቀዘ፣ ሳንስማማ ተለያየን። በመጨረሻ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ ተባለ። ይኸው አቅርቤዋለሁ። ገለልተኛ ነኝ ግን አልልም። እኔ ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

እኛ ድንጋይ መውጣት የተማርነው እዚሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ነው። የጦሳ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ባዛልት። ጠንካራ ነው፣ ግን የተሰነጣጠቀ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ራሱ ይንደዋል። ገደል ስር ቤት የሠራ የደሴ ሰው ይህን ነጋሪ አያስፈልገውም። አንድ ጀማሪ የላላ ድንጋይ ይዞ ቢነቀልበት መጀመሪያ የምንጮኸው "ታች ሰው አለ?" ብለን ነው። ለድንጋዩ ማንም አያዝንም። ስለዚህ እጃችን አንድ ልማድ አውጥቷል። ይጎትታል፣ ይመታል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ካልጸና ይጥላል። ይህ ልማድ ጦሳ ላይ ሕይወት ያድናል። የኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ግን ያው እጅ ያጠፋል።

የምታውቁት ታገሡኝ፣ ለማያውቁት ልናገር። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና በትንሹ አሲድ ይሆናል። ያ ውሃ የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ ይወርዳል። ከዋሻው ጣራ ደርሶ አየር ሲያገኝ ጋዙን ይለቃል፤ ያሟሟውንም መሸከም ያቅተዋል። ጠብ ከማለቱ በፊት ቅንጣት ታህል ማዕድን ጣራው ላይ ትቶ ይሄዳል። ሌላዋን ቅንጣት ወለሉ ላይ ያስቀምጣል። ከላይ የሚንጠለጠለው ስታላክታይት ይባላል፣ ከታች የሚያድገው ስታላግማይት። ሲገናኙ ዓምድ ይሆናሉ። አንዳንዱ ተንጠልጣይ ገና ሲጀምር እንደ ለስላሳ መጠጫ ስትሮ ውስጡ ክፍት ነው። ውሃው በመሃሉ ነው የሚወርደው። እሱን ለመስበር እጅም አያስፈልግ፤ ዞር ስትሉ ሄልሜታችሁ ይበቃዋል።

ዕድገቱ ከዋሻ ዋሻ ይለያያል። በብዛት የሚጠቀሰው አማካይ ግን በዓመት 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። እስቲ በደሴ እንቁጠረው። ከተማችን ከተቆረቆረች 150 ዓመት አልሞላትም። ንጉሥ ሚካኤል፣ የአይጠየፍ አዳራሽ፣ ጣሊያን የገባበትና የወጣበት፣ ደርግ፣ ከዚያ ወዲህም እኛው በዓይናችን ያየነው ሁሉ ተደምሮ በዚህ ስሌት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። የአውራ ጣት ጥፍር ቢሆን ነው።

ይህን የማወራው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከማይኩ አጠገብ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ምሥራቅ አገር ወዳለ አንድ ዋሻ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራው ቆይቶ ይገባችኋል። ፎቶ ለመነሳት ከፍ ያለች እርከን ላይ መውጣት ፈለግሁ። እጄ እንደለመደው ቅርብ ያገኘውን ይዞ ጎተተ። እንደ ብርጭቆ ነው የጮኸው። ያስገቡን የአካባቢው አባወራ ፋኖሳቸውን ከፍ አድርገው የተሰበረበትን አዩት። አልተቆጡም። "ይቺን አባቴም ያውቃት ነበር" አሉ፣ አለቀ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰባት ሴንቲ በዚያ ስሌት 700 ዓመት ግድም ነው። ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ጠብ ጠብ ሲል የኖረ ማለት ነው። ኪሴ ከትቼ ማምጣቴ ደግሞ ሁለተኛ ጥፋት ነው። ዋሻው ውስጥ እርጥብ ሳለ ያበራ ነበር። ቤት ገብቶ ሲደርቅ ከግድግዳ የተፈረፈረ ኖራ መሰለ። በሻይ ሰዓት እየተቀባበላችሁ እዩት። መንካት ይቻላል፤ እሱ ከእንግዲህ ምንም አይሆንም።

ዋሻ ውስጥ ያለውን ግን ሳትሰብሩትም ትጎዱታላችሁ። የእጃችን ቅባት አዲሱ ማዕድን እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ የተነካው ቦታ እየጠቆረ ይሄዳል። ለላብ የምንቀባው ነጭ ዱቄት ጦሳ ላይ ቢቀር ዝናብ ያጥበዋል። እዚያ ውስጥ ዝናብ የለም። ጭቃው የጫማችሁን ቅርጽ እንደያዘ ይቀመጣል። በድሪል የተበሳ ቀዳዳም እንደተበሳ ይኖራል።

ሁለት ጥሩ ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንዱ የቪዲዮው ነው። ግሪክ ውስጥ ካሊምኖስ ደሴት፣ ታይላንድ ውስጥ ራይሌ ላይ ሰዎች ስታላክታይት እያቀፉ ይወጣሉ፤ እነሱስ ወንጀለኞች ናቸው ወይ? አልልም። እዚያ የሚወጣበት አብዛኛው አፉ ሰፊ የሆነ፣ ፀሐይና ንፋስ የሚያገኘው ገደል ነው። ድንጋዩም ዱሮውኑ ከአየር ጋር ሲታገል የኖረ ነው። ጨለማ ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዓይነት እርጥበትና ሙቀት የሚኖረው ሌላ ፍጥረት ነው። ደግሞ እዚያም ቢሆን ነገሩ በነጻ አይደለም። እጅ የበዛበት ድንጋይ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ታይላንድ ላይ የባሕሩ አየር አይዝጌውን ብረት ሳይቀር ስለበላው ገመድ የሚያዝባቸውን ቦልቶች በቲታኒየም መቀየር ግድ ሆኗል። ቪዲዮው ላይ ይህ የለም።

ሁለተኛው የኮምቦልቻ ወንድማችን ነው። "ለሲሚንቶ ተራራ ሙሉ እየተፈጨ፣ አንተ ጣት ለምታህል ድንጋይ ታለቅሳለህ?" አለኝ። ሳቅሁ። ልክ ነው፣ የእኔም ቤት በሲሚንቶ ነው የተሠራው። ግን ያ ድንጋይ ቢያንስ ቤት ሆነ። የእኛ ጨዋታ ነው። ጨዋታን አላናንቅም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነው። ለጨዋታ ግን ጥቁሩ ድንጋይ ሞልቶናል።

አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ራንዲ ተፍትስና ጋሪ ተነን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በጠባብ ቀዳዳ ተሹለክልከው ገቡ። ውስጡ በስታላክታይት የተሞላ፣ ገና ውሃ የሚያንጠባጥብ ዋሻ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ቢሆን ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ነበር። እነሱ ምሥጢር አድርገው ያዙት። ለመሬቱ ባለቤቶች የነገሩት ከዓመታት በኋላ ነው። ለሕዝብ የታወቀው በ1988 ግዛቱ ቦታውን ለመግዛት ሲወስን ነው፤ ይህ 14 ዓመት ነው። ደሴ ውስጥ 14 ሰዓት የቆየ ምሥጢር የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ዋሻው ካርችነር ይባላል፤ ለጎብኚ የተከፈተው በ1999 ነው። እስካሁን እርጥበቱ እንዳያመልጥ ሰው የሚገባው በተከታታይ በሮች ነው። ጎብኚ በስህተት ግድግዳ ቢነካ አስጎብኚው ቦታውን ምልክት ያደርግበታል፤ በኋላ ይታጠባል። የእኔን ዋሻ ስም ያልጠራሁትም ለዚህ ነው። በር የለውም፣ ጠባቂም የለውም።

ይህን ስናገር ፈረንጅ ያስተማረን እንዳይመስል። ባሌ ውስጥ ዌብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የፈለፈለው ሶፍ ዑመር ስሙን ያገኘው ከሼኩ ነው፤ ሰው እስከ ዛሬ በአክብሮት ይሄድበታል። እዚሁ ወሎ፣ ላሊበላ አጠገብ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ውስጥ ነው የተሠራው። እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሌቹጊያ በሚባለው ዋሻ ተመራማሪዎቹ ንጹሕ ቦታ ሲደርሱ ጭቃ የነካውን ጫማ እንደሚያወልቁ ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ከሁሉ በላይ ግን የሚከነክነኝ ይህ ነው። የስታላግማይት ንብርብር የዝናብ መዝገብ ነው። ሳይንቲስቶች ውስጡ ያለውን ዩራኒየምና ቶሪየም ለክተው ዕድሜውን ያወጣሉ፤ ከንብርብሩ የዝናቡን መብዛትና ማነስ ያነባሉ። አገራችን ውስጥም ምዕራብ ሐረርጌ፣ ሜቻራ አካባቢ ካሉ ዋሻዎች እንዲህ ያለ ጥናት ተሠርቷል። እኛ የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ ከወላጆቻችን አፍ የሰማን የወሎ ልጆች ነን። አንዳንዶቻችሁም ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አልፋችሁበታል። ዝናቡ ከዚያ በፊት መቼ መቼ እንደከዳን የሚናገር ድንጋይ አለ ሲባል፣ እኛ ለፎቶ ልንንጠለጠልበት?

የማቀርበው ሐሳብ ብዙ አይደለም። በማኅበራችን ስም ማንም ዋሻ ውስጥ ባለ ተንጠልጣይም ሆነ ቋሚ ድንጋይ ላይ አይውጣ፤ ገመድም አይሰርበት። ለማለፍ ገመድ የሚጠይቅ ቦታ ካጋጠመ ገመዱ ባዶው አለት ላይ ይታሰር፤ እሱም ካልተገኘ ይመለስ። መመለስ ነውር አይደለም። ያልታወቀ ዋሻ ያገኘ ሰው ቦታውን ኢንተርኔት ላይ አይለጥፍ። ከአንድ ዋሻ ወደ ሌላው የሚሄድ ልብሱንና ጫማውን ይጠብ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የታየው ፈንገስ በሚሊዮን የሚቆጠር የሌሊት ወፍ ጨርሷል፤ የሰው ልብስና ዕቃም ሊያዛምተው ይችላል።

ከኮሚቴው ውስጥ "እንግዲያው ጨርሶ ዋሻ አንግባ" ያሉም አሉ። እዚያ ድረስ አልሄድም። ያላየውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ፍየሉን ከዝናብ የሚያስጠልልበትን ገበሬም ልናዘው አንችልም፤ ዋሻው ከእኛ በፊት የእሱ ነው። ገብተን እንይ፤ እጃችንን ኪሳችን እንክተት ነው የምለው።

ውይይቱ ከሻይ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚናገረው ቪዲዮውን ያመጣልን ልጅ ነው፤ ቃል ገብቼለታለሁ። ጠንከር ያለ መልስ እንዳዘጋጀ በሹክሹክታ ደርሶኛል። ካሳመናችሁ ድምፃችሁን ስጡት፤ እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ እፈርማለሁ። አሁን ጸሐፊያችን ሪፖርቱን ይዛ ትምጣ። መሐረቡን ከፊት ወንበር ጀምሩት።