ብርቱካንማው ማህደር

(ምስል፦ የብረት በር፤ በሩ ላይ ትንሽ መስኮት)

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጠባቂዋ በመስኮቷ ወደ ውስጥ አየት ታደርግና ብርቱካንማ ሽፋን ባለው ማህደር ላይ ሰዓቱንና ያየችውን ትጽፋለች። በእንግሊዝና በዌልስ እስር ቤቶች ይህ ማህደር የሚከፈተው ራሱን ይጎዳል ተብሎ ለተሰጋ እስረኛ ነው።

በእነዚህ እስር ቤቶች ሴቶች ከመቶ 5 አይሞሉም። ሆኖም ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተመዘገበውን መርምሮ በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በየዓመቱ ራሳቸውን የሚጎዱት ወንዶች ከመቶ 5 እስከ 6 ሲሆኑ ሴቶቹ ከ20 እስከ 24 ደርሰዋል።

(ምስል፦ በኮሪደር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልክ)

ከሴት እስረኞች ብዙዎቹ የስብዕና መታወክ፣ በተለይም ቦርደርላይን የሚባለው ዓይነት፣ እንዳለባቸው ይነገራቸዋል። በዚህ የተያዘች ሴት ስሜቷ ቶሎ ይገነፍላል፣ ለመብረድም ይዘገያል፤ ተጥዬ እቀራለሁ የሚለው ፍርሃት አይለቃትም። ከጀርባው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት የደረሰ ጥቃት አለ። አሁን ይህችው ሴት ለልጇ ደውላ ስልኩ ሳይነሳ ቀረ እንበል። ሌላ ሰው ቢሆን ወጣ ብሎ ይመለሳል፣ ጎረቤት ያማክራል፤ እሷ ላይ ግን በሩ እስከ ጠዋት ተቆልፏል። ዌልስ ውስጥ የሴቶች እስር ቤት ስለሌለ የዌልስ እናቶች የሚታሰሩት እንግሊዝ አገር፣ ከልጆቻቸው ርቀው ነው።

ራሳቸውን የጎዱ ሴቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ጭንቀት ለማስተንፈስ ወይም የደነዘዘውን ስሜት ለመቀስቀስ መሆኑን ይናገራሉ። «ትኩረት ፈልጋ ነው» የሚለው አባባል ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። የምርመራው ውጤት የሕክምና በር መክፈት ሲገባው «ጠባይዋ ነው» ለማለት ሰበብ መሆኑ፣ በእኔ ግምት፣ ከሕመሙ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል።

(ምስል፦ የስታይል እስር ቤት ከውጭ)

እንግሊዝ ውስጥ በሚገኘው የስታይል የሴቶች እስር ቤት እስከ ነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ባሉት 12 ወራት ስድስት ሴቶች ሞቱ። ጉዳዩን ተከትሎ የብሪታንያ ፖለቲከኛዋ ጂን ኮርስተን በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት 43 ምክረ ሐሳቦችን የያዘ ሲሆን፣ ትልልቆቹ የሴቶች እስር ቤቶች ለመኖሪያ ቀዬአቸው በሚቀርቡ ትንንሽ ማዕከላት እንዲተኩ ጠይቋል።

ሕክምና አለ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን የቀየሱት የንግግር ሕክምና የስሜት ማዕበልን ራስን ሳይጎዱ ማሳለፍን ያስተምራል። ችግሩ ግን የተለመደው ሥልጠና አንድ ዓመት ያህል ሲፈጅ የብዙዎቹ ሴቶች ፍርድ ከዚያ ያነሰ መሆኑ ነው፤ እንደ ተጀመረ ይቋረጣል።

(ምስል፦ ማህደሩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ)

ማህደሩ በየጊዜው በስብሰባ ይገመገማል። በስብሰባው ላይ ሴትዮዋም ትቀመጣለች፤ ሌሊቱን የተጻፈው «ተኝታለች» የሚል ከሆነ፣ ነቅታ እንደነበር የምትናገረው እዚያ ነው።