ካሴቱን ከቁም ሳጥን አውጡት
በደብረ ብርሃን በአልበም ማዳመጫ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አዲስም አሮጌም አልበም እናዳምጣለን። አዘጋጆቹ «አታንዛዛ» ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በከተማችን ልጅ ልጀምር። የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በ1946 እዚሁ ደብረ ብርሃን ተወለዱ። በ10 ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ። አኮርዲዮን የለመዱት በራሳቸው ነው። በኋላ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል መጫወት ጀመሩ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ሊዝናና የገባ ሰው ሳይነጋ መውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ ባንዱም አብሮት ያነጋ ነበር። በ1977 «ቼ በለው»ን በሸክላ አወጡ። በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ። ገሚሱ ሲመለስ ጋሽ ኃይሉ እዚያው ቀሩ።

በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዱ። ዛሬ ማታ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙልኝ። ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። አይደክመው፣ አይቸኩል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እሱ ላይ አኮርዲዮኑ እየተለማመጠ፣ እየተመለሰ ይጫወታል። ሲንተሳይዘሩ ደግሞ ከላይ ይንሳፈፋል። አልበሙ ውስጥ «ሽለላ» የሚል አለ። መንዝ ላይ እውነተኛ ሽለላ የሰማ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሽለላ ነው?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ቃል የለ፣ ጎራዴ የለ። ግን እስከ መጨረሻው ታገሡት። እኔ በበኩሌ ከአልበሙ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

ካሴቱ ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ተረሳ። ጋሽ ኃይሉም ታክሲ መንዳት ያዙ። የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈው ተሳፋሪ ሲጠብቁ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን አገኘው። «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚባል አሳታሚ አለው። ሰውየውን አፈላልጎ ደወለላቸው። በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ። ይህ አሳታሚ ትርፉን ከባለሙያው ጋር እኩል ይካፈላል፤ በእኛ አገር የካሴት ንግድ ላደገ ሰው ይሄ ጆሮ የሚያስቆም ወሬ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2014 «ቼ በለው» ተከተለ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ወጡ። ሁለቱ አዲስ አልበሞች ናቸው። ታክሲ ነጂው ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ መድረክ ላይ ተመለሱ። አሮጌ አልበም እንደገና ይታተም ስንል ብዙ ሰው የትዝታ ጉዳይ ይመስለዋል። የሥራ ጉዳይ ነው። ባለሙያውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

የዞናችን ነገር በዚህ አያበቃም። በሸክላ ድምፃቸውን ካስቀዱ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ናቸው የሚባሉት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ሰው ናቸው። ምኒልክ መኪና እንዲማሩ ጀርመን ላኳቸው፤ እሳቸው እዚያው ሳሉ በ1908 ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀዱ። ለኳስ ወዳጆች፦ የካፍ ፕሬዚዳንት የነበሩት የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ፣ 27ኛው ቁጥር ላይ ታተመ። ሸክላው ይንኮሻኮሻል። ድምፁ ግን ፍንትው ብሎ ይሰማል።

በዚሁ ተከታታይ የዓለሙ አጋ በገና አለ፤ ለብቻ ሌሊት ነው የሚደመጥ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖም አለ። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙት በ1967 ነበር፤ ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን ከ2006 ወዲህ ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴም መነሳት አለበት። ከ1969 እስከ 1975 አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ ፈረንጆቹም እንደገና የሚያትሙት ነገር ባነሰ ነበር።

ከአዲሶቹ ደግሞ ለወጣቶቹ ሮክ ከጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»፣ ኤሌክትሮኒክ ከሮፍናን «ነጸብራቅ»፣ ራፕ ከካስማሰ «ማለዳ» መርጠናል። ስለነሱ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አልፈላሰፍባችሁም።

አሁን ወደ ቁም ሳጥናችሁ ልግባ። ከአልጋ ሥር፣ ከሳጥን ውስጥ፣ ከድሮ ሠርግ የተቀዳ፣ ከአዝማሪ ቤት የተቀዳ ካሴት ያለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። እባካችሁ መጀመሪያ የቆየ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። ቴፑ ክሩን ይበላዋል። ውስጡን በእጅ ባትሪ ብርሃን እዩት፤ ክሩን ከጀርባ የሚደግፈው ትንሽ ስፖንጅ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ስፖንጁ ከሌለ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ሰዉም «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ክሩ ተርፎ ሳለ! እንዲህ ከሆነ ቀፎውን ፈትቶ ክሩን ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ይቻላል። በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ አጠንጥኑት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል።

ከድምፁ እኩል የሚያስፈልገው ስም ነው። ዘፋኙን ሁሉም ያውቃል። ማሲንቆውን የመታው ማነው? ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ቅንብሩስ? ዩቲዩብ ላይ «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ» ተብለው በሺህ የሚታዩ ዘፈኖች አሉ፤ የተጫወተው ሰው ስም ግን የለም። በዚህ በጣም እናደዳለሁ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የድምፅ ቅጂ መብት 50 ዓመት ይቆያል። የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት ደግሞ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ነው። ስሙ ካልተጻፈ ግን ልጁ ምን ይዞ ይጠይቅ?

ስለዚህ እዚያ በሩ ጋ አንድ ጠረጴዛ አለ። ካሴት ያመጣችሁ አስመዝግቡ። ካሴቱን አንቀማችሁም፤ ገልብጠን እንመልሳለን። ካሴት የሌላችሁ ደግሞ ስም አምጡ። በየሠርጉ ማሲንቆ ይመታ የነበረው የሰፈራችሁ ሰው ስም ይበቃናል።

የመጀመሪያው የነጋድራስ ተሰማ ነው። ከዚያ «ሸሞንሟናዬ» ይከተላል። ስልካችሁን ዝም አሰኙልኝ፤ የኋላዎቹ፣ ወደፊት ጠጋ በሉ።