ኢሜይሉ የድርጅቱ ይሁን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የትልልቅ ድርጅቶችን የኢሜይልና የመልእክት ሥርዓት አዘረጋግ በተመለከተ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የዘርፉ ባለሙያ የሰጡት ምላሽ ከዚህ የሚከተለው ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ድርጅታችን ሁለት ሺህ ያህል ሠራተኞች አሉት። አብዛኛው ክፍል የሚጻጻፈው ሠራተኞች በግላቸው በከፈቱት ጂሜይል ነው። የራሳችንን ሥርዓት እንድናጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ክርክሩ ግን የትኛው ሰርቨር (ኢሜይሉን የሚቀበልና የሚያከማች ኮምፒውተር) ይገዛ በሚለው ላይ ቆሟል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ሰርቨሩን ለጊዜው ተዉትና የድርጅታችሁ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ ምልክት በኋላ ያለው ስም) በማን ስም እንደተመዘገበ አጣሩ። በብዙ ድርጅቶች ዶሜይኑን ያስመዘገበው አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ይገኛል፤ ያውም በግል ኢሜይሉና በራሱ የክፍያ ካርድ። ሰውየው ሥራ ይለቃል፣ የዕድሳት ማሳሰቢያው ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ አንድ ቀን ጠዋት የድርጅቱ ኢሜይል በሙሉ ይቆማል። ምዝገባው በድርጅቱ ስም ይሁን። ማሳሰቢያውም ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ወደሚያዩት አድራሻ ይምጣ። አድራሻው ግን ከዚያው ዶሜይን ውጭ መሆን አለበት፤ ዶሜይኑ ሲዘጋ ማሳሰቢያውም አብሮ እንዳይዘጋ።

ቀጥሎ የአድራሻ አሰጣጡን ደንብ በጽሑፍ አውጡ። የውጭ ሶፍትዌሮች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ ያለን የአባት ስም ነው። ከሁለት ሺህ ሰው መካከል በስምም በአባት ስምም የሚገጣጠሙ አይጠፉም። የአያት ስም መቼ እንደሚጨመር አስቀድሞ ካልተወሰነ የአንዱ የደመወዝ ደብዳቤ ለሌላው ይደርሳል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ስም በሰው ሀብት ማህደር ውስጥ እንዳለው ይሁን፤ የስም ዝርዝሩም በራስ ስም እንጂ በአባት ስም አይደርደር። ግዥ፣ ሽያጭና ሒሳብ ደግሞ የክፍል አድራሻ ይኑራቸው። ደንበኛው ለግዥ ክፍሉ የሚጽፍ ከሆነ ሠራተኛ ቢቀየርም ጽሑፉ በቦታው ይቆያል።

መጠኑን በስሌት ያዙት። አንድ ሠራተኛ በቀን 40 መልእክት ቢኖረውና የአንዱ አማካይ መጠን 100 ኪሎ ባይት ቢሆን፣ 2,000 ሠራተኞች በቀን 8 ጊጋ ባይት ያከማቻሉ፤ በ250 የሥራ ቀናት 2 ቴራ ባይት ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች የምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን ለሁለት ሳምንት ለኩ። የአባሪ ፋይል ገደብ ስታወጡ ደግሞ ማንኛውም አባሪ ለኢሜይል ጉዞ ሲዘጋጅ መጠኑ በሲሶ ያህል እንደሚጨምር አትርሱ። 25 ሜጋ ባይት የተባለ ገደብ በተግባር 18 ያህሉን ብቻ ያሳልፋል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነን። መብራትም ኢንተርኔትም ይቆራረጥብናል። ሰርቨሩ በግቢያችን ይሁን ወይስ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚሠራበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር) እንከራይ?

መልስ፦ መቆራረጡ የሚፈራውን ያህል ኢሜይል አያጠፋም። ተቀባዩ ሰርቨር ባይገኝ ላኪው መልእክቱን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የአሠራር ደንቡም ቢያንስ ለ4 ወይም 5 ቀናት ተስፋ እንዳይቆርጥ ይመክራል። ስለዚህ የጥቂት ሰዓታት መቋረጥ መልእክትን ያዘገያል እንጂ አይበላም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ክላውድ ላይ ከሆናችሁ መስመር ሲጠፋ ምርት ክፍሉ ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ መጻጻፍ ያቅተዋል።

በግቢያችሁ ካደረጋችሁት ደግሞ ጥበቃው የእናንተ ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ፣ ማለትም በኩባንያው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር፣ ላይ ይፋ የሆኑት ክፍተቶች በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ለሰርጎ ገቦች አጋልጠዋል፤ ማስተካከያው ከወጣ በኋላ እንኳ ያልጫኑት ተጠቁ። የ2016 እና የ2019 የኤክስቼንጅ ሰርቨር ስሪቶች መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማስተካከያ በወጣበት ቀን የሚጭን፣ በበዓል ቀንም የሚጠራ ባለሙያ ከሌላችሁ ኢሜይሉን ክላውድ ላይ አድርጉት፤ የውስጥ መልእክት መለዋወጫውን ግን በግቢያችሁ። ሁለት የኢንተርኔት መስመር አስገቡ፣ ከሁለት አቅራቢ። ገመዶቹ በአንድ ቦይ እንዳይመጡም ጠይቁ፤ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ሊበጥስ ይችላል።

ክፍያውን በደንብ አስቡበት። የክላውድ ኪራይ በአብዛኛው በነፍስ ወከፍ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያው የዶላር ክፍያ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ ስሌቱን ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለአምስት ዓመት ሥሩ። ስፌት መስመር ላይ ላለ ሠራተኛ ሁሉ ሙሉ የኢሜይል ሳጥን አትግዙ። የሠራተኞችና የደንበኞች የግል መረጃ ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሕግ ክፍላችሁ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይመልከት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ የምንልከው ኢሜይል ደንበኞቻችን ዘንድ አላስፈላጊ መልእክቶች ሳጥን ውስጥ ይገባል። ለምን?

መልስ፦ ምናልባት ማንነታችሁን አላስመሰከራችሁም። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ በብዛት ከሚልኩ ድርጅቶች ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉትን ሦስቱንም ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው በዶሜይኑ ስም የመላክ ፈቃድ ያላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ሁለተኛው መልእክቱን በዲጂታል ፊርማ ያትማል፤ ሦስተኛው ፈተናውን ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለውን ይናገራል። ከዚያ በፊት ግን በስማችሁ የሚልከውን ሁሉ መዝግቡ፦ የደመወዝ ሶፍትዌሩን፣ የደረሰኝ ሥርዓቱን፣ ስካን አድርጎ የሚልከውን ፎቶ ኮፒ ማሽን ሳይቀር። ዲማርክን መጀመሪያ ምንም ሳያግድ ሪፖርት ብቻ በሚሰጥበት የክትትል ደረጃ አስጀምሩት፤ ሪፖርቱ ከስሕተት ሲነጻ ወደ ማገድ ተሸጋገሩ። በአንድ ቀን የከለከለ ድርጅት የራሱን ደረሰኝ ያግዳል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሥራችን ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ያልቃል። ሌላ ምን ያስፈልገናል?

መልስ፦ ፍጥነቱ አይካድም፤ ሠራተኛው የወደደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ግሩፑን የከፈተው ማን ነው? አንድ ሠራተኛ፣ በግል ስልክ ቁጥሩ። እሱ ሲለቅ የግሩፑ ባለቤትነት ከእሱ ጋር ይሄዳል፤ ሌላው የለቀቀ ሠራተኛም የሚያስወጣው ካላገኘ የዋጋ ዝርዝራችሁን እያነበበ ይቆያል። በሁለት ሰዎች መካከል በሚደረግ ጽሑፍ ደግሞ አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ትእዛዝ የሰጠ ኃላፊ «አላዘዝኩም» ቢል መጋዘን ጠባቂዋ በምን ትከራከራለች? ይህ ነገር ከልብ ያሳስበኛል፤ የሚጎዳው ሁልጊዜ የበታች ሠራተኛው ነው።

የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ማትሪክስ በተባለ ክፍት የመልእክት መለዋወጫ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ቻፕ የተባለ የራሱን መልእክት መለዋወጫ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ አውሏል። እናንተም ማትሪክስን፣ ወይም ማተርሞስትና ሮኬት ቻት ከተባሉት የመልእክት መለዋወጫ ሶፍትዌሮች አንዱን በራሳችሁ ሰርቨር ላይ መትከል ትችላላችሁ። በስልክ ላይ ቀልጣፋ መሆኑን ሳታረጋግጡ ግን ቴሌግራምን አትከልክሉ፤ ሠራተኛው ተደብቆ ወደለመደው ይመለሳል። የፈረቃ ለውጥና አስቸኳይ ጉዳይ በመልእክት፣ ገንዘብ፣ ውልና ውሳኔ በኢሜይል ይሁን ብላችሁ በመመሪያ አስፍሩ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሒሳብ ክፍል ነኝ። የውጭ አቅራቢያችን የባንክ ሒሳቡን እንደቀየረ በኢሜይል ጽፎልናል። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እንዲህ ባለው የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ ሪፖርት እንደተደረገለት አስታውቋል። መልእክቱ ከእውነተኛው አቅራቢ ሳጥን የመጣ ቢሆን እንኳ ሳጥኑ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በኢሜይሉ ላይ ያለውን ስልክ ይተዉና በቀድሞው ውል ላይ ባለው ቁጥር ደውለው ከሚያውቁት ሰው ጋር ያረጋግጡ፤ ሁለተኛ ፈራሚም ይኑር። የሒሳብ ክፍሉ የኢሜይል ሳጥኖችም ዛሬውኑ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ለምሳሌ በስልክ የሚገኝ ኮድ የሚጠይቅ) ይግባላቸው።