«የቱ ንጉሥ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም
ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ተረት ነው። «ተረት» እያልን አንድ ላይ ስለምንጨፈልቃቸው ነገሮችም ጭምር።

«በድሮ ጊዜ አንድ ንጉሥ ነበር» ሲባል «የቱ ንጉሥ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። አገሩም ዘመኑም አይጠየቅም። ልጁን ቀበሮ ስታናግረው አይደነግጥም፤ ቁጭ ብሎ ይመልስላታል። ሦስት ወንድማማቾች ካሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳካለት ትንሹ ነው። ተራኪው እመኑኝ አይልም፤ ሰሚውም ማስረጃ አምጣ አይልም። ተረት እንዲህ ነው።

አፈ ታሪክ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። «እዚያ ማዶ ያለው ትልቅ ድንጋይ ይታያችኋል?» ይላል ተራኪው። ሁሉም ዞር ብሎ ያያል። የሰው ስም ይነሳል፣ የወንዝ ስም ይነሳል። አንዱ ጣልቃ ገብቶ «ኧረ እኔ የሰማሁት እንዲህ አይደለም» ይላል። ክርክር ይጀመራል። በአፈ ታሪክ ውስጥ መንፈስ ያጋጠመው ሰው ቁጭ ብሎ ወሬ አይቀጥልም። ይርበተበታል፤ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፣ ይታመማል። እኔ ከሁሉም የሚስበኝ ይሄ ነው። ሰውዬው እንደ እኔና እንደ እናንተ ይፈራል።

ጀርመናዊዎቹ ተረት ሰብሳቢዎች፣ የግሪም ወንድማማቾች፣ ሁለቱን አልቀላቀሉም። ተረቶቹን እ.ኤ.አ. ከ1812 ጀምሮ አሳተሙ፤ አፈ ታሪኮቹን ደግሞ ከ1816 ጀምሮ ለብቻቸው አወጡ።

ሦስተኛው ሐተታ ተፈጥሮ ነው። ዓለም እንዴት ተገኘ፣ ሞት ከየት መጣ የሚለው። ለባለቤቶቹ ይሄ የእምነት ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት (የሰው ልጅ ባህል አጥኚ) ዊልያም ባስኮም እ.ኤ.አ. በ1965 ሦስቱን ሲለይ፣ ዋናው ጥያቄው ሕዝቡ ታሪኩን እንደ እውነት ይቀበለዋል ወይስ እንደ ፈጠራ የሚል ነበር። ስለዚህ አንዱ ጋ ቅዱስ የሆነው፣ ድንበር ተሻግሮ ሌላው ጋ የልጆች መጫወቻ ሊሆን ይችላል። የሰው እምነት «ተረት ነው» ተብሎ ሲጣጣል የሚከፋኝም ለዚህ ነው።

የምሳሌ ተረትማ ግልጽ ነው። እንደ ጥንታዊው ግሪካዊ ተረተኛ እንደ ኤዞፕ ያለው፣ እንስሳ አቁሞ ሰውን የሚመክረው። ግን የሚናገር እንስሳ ሁሉ ሊመክር አይመጣም። አንዳንዱ አታሎ፣ በልቶ፣ ስቆ ይሄዳል።

ሌላው አንትሮፖሎጂስት ማሊኖውስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 የጻፈውን ላካፍላችሁ። ዛሬ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሥር ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ሰዎቹ ራሳቸው ታሪኮቻቸውን በሦስት ስም ይለዩ ነበር። «ኩክዋኔቡ» የዝናብ ወቅት መዝናኛ ነው፤ እያንዳንዱ ተረት ባለቤት አለው። «ሊብዎግዎ» የእውነት ነው ተብሎ ይወራል። «ሊሊዩ» ደግሞ ቅዱስ ነው። እዩት እንግዲህ፣ ልዩነቱን ከማንም ምሁር አልተማሩትም።

የአያቶቻችሁን ታሪክ በስልክ የምትቀዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ታሪኩ ሲጀመር አብርታችሁ ሲያልቅ አታጥፉ። ቀደም ብላችሁ ክፈቱት፤ ካለቀም በኋላ ትንሽ ይቆይ። «ይሄ እንኳ የእውነት ነው» የሚሉት፣ ወይም ለጨዋታ ያህል ነው የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው። ምን ብለው እንደሚጠሩትም ጠይቁና በራሳቸው ቃል መዝግቡት።