መቀሱ በማን እጅ ነው?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ሪያሊቲ ቲቪ፣ ተዋናይ ሳይሆን ተራ ሰው ራሱን ሆኖ ስለሚቀርብበት ፕሮግራም፣ ተናገር ስትሉኝ አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትጠብቁ ገምቻለሁ። ትውልዱን አበላሸ፣ ባህላችንን አጠፋ እንድል ነው። ያንን አልልም። እኔም አያለሁ። የዘፈን ውድድሩ ፋና ላምሮት የሚተላለፍ ቀን በሰፈራችን ቡና የሚፈላው አንድ ቤት ነው። አቦሉ ላይ ተወዳዳሪ እንመርጣለን፣ በረካው ላይ እንከራከራለን። አንዱ አምባሰል ካነሳማ ቤቱ ጸጥ ይላል። ባቲና አምባሰል ለሌላው የቅኝት ስም ናቸው፤ ለእኛ ለወሎ ሰዎች ግን ዘመድ የምንጠይቅባቸው አገሮች ናቸው።

ሰው ሰውን ማየት ይወዳል። ተዋናይ ቢያለቅስ ሥራው ነው። የጎረቤት ልጅ የሚመስል ወጣት ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ግን የእኛም ሆድ ይባባል። በዚህ መሳቅ አይገባም። የድሮ ሰዎች ያስታውሳሉ፤ የኢትዮጵያ አይዶል ጊዜ «አልተመቸኝም» የምትለዋ የዳኛ ቃል ከመድረክ ወጥታ ሰፈር ለሰፈር ትዞር ነበር። ጣቢያዎቹም የሚወዱት በምክንያት ነው። እንደ ድራማ ውድ ተዋናይ አይጠይቅም፣ ተመልካች ግን ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሰርቫይቨር የተባለው የአሜሪካ ውድድር የመጀመሪያ ዙር ፍጻሜ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል።

እኔን የሚያሳስበኝ መቀሱ ነው። የተቀረጸውን ቆርጦ የሚቀጥለው እጅ።

እ.ኤ.አ. በ1973 መጀመሪያ የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ካሊፎርኒያ የሚኖር የአንድ ቤተሰብ ኑሮ በ12 ክፍል አሳየ። ባል፣ ሚስትና አምስት ልጆች ናቸው። ካሜራው ቤታቸው ውስጥ ወራት ከረመ። 300 ሰዓት ያህል ተቀረጸ፤ ተመልካች ያየው 12 ሰዓት ገደማ ነው። በመካከሉ ባልና ሚስቱ ሲለያዩ አገር ሁሉ አየ። በኋላ ቤተሰቡ መልካሙን ትታችሁ ክፉ ክፉውን መረጣችሁብን ብሎ ቅር ተሰኘ። ሒሳቡን አስቡት። ከ25 ሰዓት የታየው አንዱ ነው። አብረው የበሉበት፣ የተሳሳቁበት ሰዓት ምናልባት በቀሪው 24 ውስጥ ነበር።

በዚያው ዓመት ካሜራ ወደ እኛም መጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ያሳየው እውነት ነው። ያ ካሜራ ባይመጣ ምን ይውጠን እንደነበር ፈጣሪ ያውቃል። ደርግ ደግሞ ያንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። የቤተ መንግሥት ድግስ እየተጠላለፈበት ነው የታየው። አንዴ የሚያጣጥር ሕፃን፣ አንዴ ግብዣ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ምስሎቹ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። አንድ ላይ የሰፋቸው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው።

ረሃብን ከመዝናኛ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀኝ። የምለው ሌላ ነው። የእነዚያ የወሎ እናቶች ፊት ዓለምን ዞረ። ስማቸውን የሚያውቅ ግን ስንት ነው? በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ኮረም ላይም ያው ነው የሆነው። ካሜራ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ለወሎ ሰው ማንም አያስተምረውም።

ሰፈራችን አንድ ልጅ አለ። ድምፁ የተባረከ ነው። ለአንድ የዘፈን ውድድር ማጣሪያ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ዘፈነ። መጀመሪያ ባቲን ተጫወተ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ያምር ነበር። ሁለተኛውን ሲጀምር ድንጋጤ ያዘውና ድምፁ ከዳው። በቴሌቪዥን የቀረበው ሁለተኛው ብቻ ነው። ከላዩ የሳቅ ድምፅ ተጨመረበት። በማግሥቱ ቲክቶክ ላይ ዋለ። ሰኞ ገበያ ሲወጣ ሕፃናት እየተከተሉ ያንኑ የተሰበረ ዜማ ያዜሙለት ጀመር። ስምንት ወር ሙሉ አልዘፈነም። እናቱ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፈነችው።

ንጉሥ ሚካኤል እዚችው ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። እኛ የዚያ ስም ልጆች ነን። ልጁን ወንበር ስቦ የሚያስቀምጠው አንድ ሰው እንኳ እዚያ ስቱዲዮ መጥፋቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌሎች አገሮች ከእኛ በፊት ዋጋ ከፍለውበታል። እንግሊዝ ውስጥ ሰዎች የቤታቸውን ጠብ ይዘው የሚቀርቡበት፣ 14 ዓመት የቆየ ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ እንግዳ ከቀረጻው በኋላ ሕይወቱ አለፈ፤ ፕሮግራሙም ተዘጋ። በ2021 የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም አዲስ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። ጣቢያው ጉዳት ሊደርስበት ለሚችል ተሳታፊ መጠንቀቅ አለበት። ምን ሊያጋጥመው እንደሚችልም አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

እዚህ የተቀመጣችሁ ካሜራ የምትይዙ ወጣቶች፣ ይህንን ለማድረግ ደንብ እስኪወጣ አትጠብቁ። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሲያለቅስ አጠገቡ ያለው ሰው ትከሻውን ይዞ «ይብቃህ» ይለዋል። ካሜራ ግን ሰው ሲያለቅስ ይበልጥ ይጠጋል። እናንተ አትጠጉ። ከማስተላለፋችሁ በፊት ለባለቤቱ አሳዩት። «ይሄ ይውጣልኝ» ካለ አውጡለት። ፕሮግራሙ አምስት ደቂቃ ቢያጥር ምን ይሆናል? ተመልካቾችም ብንሆን በሰው ውርደት የተሠራውን ቪዲዮ ለሌላ ባንልክ ምንም አይጎድልብንም። እኔ ራሴ ያንን የልጁን ቪዲዮ ከአራት ሰዎች ስልክ ላይ ለምኜ አስጠፍቻለሁ። ሁለቱ ዘመዶቼ ነበሩ።

የልጁን ታሪክ ስናገር ያለ ፈቃዱ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሄጄ ይህን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንዲት አንቀጽ አውጣልኝ አለኝ። አወጣኋት።

አመሰግናለሁ።